መጋጠሚያው ያዕቆብ ነው

በሸዋ ገዢዎች ቤት ከነጋሲ ክርስቶስ እስከ ዳግማዊ ምኒልክ ዘጠኝ ስም አለ። ነጋሲ፣ ሰብስቴ፣ አብዬ፣ አምኃ ኢየሱስ፣ አስፋ ወሰን፣ ወሰን ሰገድ፣ ሣህለ ሥላሴ፣ ኃይለ መለኮት፣ ምኒልክ። በዘጠኙ ስም መካከል ስምንት ጊዜ «ወለደ» ይባላል። ስምንቱም አባትና ልጅ ናቸው። ወንድም፣ አጎት ወይም አማች የገባበት ቦታ የለም። በዚያው ዘመን የጎንደር ዙፋን ከአባት ወደ ልጅ፣ ከወንድም ልጅ ወደ አጎት፣ ከወንድም ወደ ወንድም ይዞር ነበር። የሸዋው ሐረግ ቀጥ ብሎ ይወርዳል።

ይህን የትውልድ ሐረግ እንደ አንድ የእጅ ሥራ ላየው እወዳለሁ። በእርግጥም የተሠራ ነገር ነው። ስሞቹ ተመርጠዋል፣ ተደርድረዋል፣ ተገጥመዋል። የሠሪውን እጅ ለማወቅ መጀመሪያ ቁሱን፣ ቀጥሎ ልኩን፣ ከዚያ መጋጠሚያውን ማየት ያስፈልጋል። ሥራው የሚፈተነው መጋጠሚያው ላይ ነው።

ከሚታወቀው ጫፍ እንነሣ። ምኒልክ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. በአንጎለላ ተወለዱ። አያታቸው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ በ1840፣ አባታቸው ንጉሥ ኃይለ መለኮት በ1848 ዓ.ም. አረፉ። ልጁ ምኒልክ በዐፄ ቴዎድሮስ ተማርከው ወደ መቅደላ ሄዱ፤ በ1857 ዓ.ም. አምልጠው ሸዋ ገቡ። በመካከሉ ወደ አሥር ዓመት የሚጠጋ ክፍተት አለ። በእነዚያ ዓመታት ሸዋን ያስተዳደሩት ቴዎድሮስ የሾሟቸው ሰዎች ናቸው። ሐረጉ ክፍተቱን አይሞላውም። ከኃይለ መለኮት በቀጥታ ወደ ምኒልክ ያልፋል። የሹማምንት ዝርዝር ቢሆን ኖሮ ይህ ጉድለት ይባል ነበር። የትውልድ ሐረግ ግን ማን ማንን ወለደ ብቻ ስለሚል ትክክል ነው።

አሁን ልኩን እንይ። ከአምኃ ኢየሱስ ጀምሮ ያሉትን የአምስት ገዢዎች ዘመን ብንደረድር ወደ 30፣ 33፣ 5፣ 34 እና 8 ዓመት ይመጣል። ቁጥሮቹ አይመሳሰሉም። አስፋ ወሰን ረጅም ዘመን ገዛ። ልጁ ወሰን ሰገድ አምስት ዓመት ያህል እንደገዛ በገዛ አገልጋዩ እጅ ተገደለ። የእሱ ልጅ ሣህለ ሥላሴ በወጣትነቱ ተቀምጦ ከ30 ዓመት በላይ ቆየ። ነጋሲ ከሞተበት ከ1695 ዓ.ም. ገደማ እስከ ኃይለ መለኮት ሞት 153 ዓመት ያህል ነው። በዚህ ውስጥ ሰባት ሰው ገዝቷል። ለአንዱ በአማካይ 22 ዓመት ይደርሳል። ለአባትና ልጅ ቅብብል ይህ ደኅና ልክ ነው። ዝርዝሩ ሲታይ ወጣ ገባ፣ በአማካይ ሲለካ ደግሞ ተገቢ የሆነ ሐረግ ከእውነተኛ ሕይወት የተቀዳ ለመሆኑ ጥሩ ምልክት አለው።

ማዕርጎቹም ደረጃ በደረጃ ይወጣሉ። ነጋሲ አቤቶ ይባላል፤ የንጉሥ ዘር ነኝ የሚል ባላባት መጠሪያ ነው። ከዚያ መርዕድ አዝማች የሚለው ማዕርግ ይመጣና እስከ አስፋ ወሰን ድረስ ይዘልቃል። ወሰን ሰገድ ራስ ተባለ። ሣህለ ሥላሴ ንጉሥ ተባለ። ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ሆኑ። አንድም ደረጃ አልተዘለለም። መቀመጫውም አብሮ ተጓዘ። ነጋሲ በመንዝ አጋንቻ ነበር፤ ከልጅ ልጆቹ በአምኃ ኢየሱስ ዘመን ቤቱ አንኮበርን ያዘ፤ በሣህለ ሥላሴ ጊዜ አንጎለላ ተጨመረ፤ ምኒልክ እንጦጦ ወጥተው ወደ አዲስ አበባ ወረዱ። የስሙ፣ የማዕርጉና የቦታው መሥመር ጎን ለጎን ይሄዳሉ፤ አንዱ ሌላውን ይይዘዋል።

ከነጋሲ በላይ ያለው ሌላ ዓይነት ሥራ ነው። እዚያ የሐረጉ ሠሪዎች የመንዝን ባላባት ከሰሎሞናዊው ቤት ጋር ማገናኘት ነበረባቸው። የመረጡት መጋጠሚያ አቤቶ ያዕቆብን ነው፤ የዐፄ ልብነ ድንግል ልጅ።

የምርጫውን ጥራት ለማየት ዘመኑን ማስታወስ ይበቃል። ልብነ ድንግል በ1532 ዓ.ም. በደብረ ዳሞ ሞተ። በዚያው ዓመት የኢማም አሕመድ ጦር አምባ ግሼንን ያዘ። ግሼን የንጉሥ ልጆች የሚጠበቁበት አምባ ነበር። የዙፋኑ ወራሾች በአንድ ቦታ ስለሚኖሩ ማን የማን ልጅ እንደሆነ በአንድ ቦታ ይታወቅ ነበር። አምባው ሲሰበር ያ መዝገብ አብሮ ተሰበረ። የልብነ ድንግል ልጆች ተበተኑ። ፊቅጦር በጦርነቱ ሞተ። ሚናስ ተማረከ። ገላውዴዎስ ነገሠ። ያዕቆብ ደግሞ በመንዝ ተሸሸገ ይላል የሸዋ ትውፊት። ድር ሲበጠስ ጎበዝ ሸማኔ የሚቀጥለው ቋጠሮው ለእጅ በማይሰማበት ቦታ ነው። የሸዋ ሐረግ ሠሪዎችም የቀጠሉት የመላው ቤት ድር በተበጠሰበት ዓመት ላይ ነው።

ምርጫው ከዚህም የጠለቀ ነው። ያዕቆብ የሸዋ አያት ብቻ አይደለም። ፋሲል የሚባል ልጅ ነበረው። ፋሲል ሱስንዮስን ወለደ። ሱስንዮስ በ1599 ዓ.ም. በጎል ጦርነት ዐፄ ያዕቆብ የተባለውን የሠርፀ ድንግልን ልጅ አሸንፎ ዙፋኑን ያዘ። የሠርፀ ድንግል ልጅ የሚናስ የልጅ ልጅ ስለሆነ፣ በዚያ ቀን ንግሥና ከሚናስ ዘር ወጥቶ ወደ አቤቶ ያዕቆብ ዘር ገባ። ሱስንዮስ ፋሲለደስን፣ ፋሲለደስ ዮሐንስን፣ ዮሐንስ ታላቁን ኢያሱን ወለደ። ጎንደርን የሠሩት ነገሥታት የአቤቶ ያዕቆብ ልጆች ናቸው።

ስለዚህ ሸዋ ያዕቆብን ሲጠራ የጎንደርን ሥር መጥራቱ ነው። የጎንደር ሰው ያዕቆብን ሊክድ አይችልም፤ ቢክድ የራሱን ንጉሥ ይክዳል። የሸዋ ባላባት ደግሞ ለጎንደር ንጉሥ የአያት ልጅ ይሆናል፤ እኩያ ባይሆን እንኳ ባዳ አይደለም። መጋጠሚያው የተቀመጠው ሁለቱም ወገን በሚቀበሉት አያት ላይ ነው። ክርክር ካለበት ቦታ ወደ ላይ አንድ ደረጃ ወጥቶ፣ ክርክር በሌለበት ሰው ላይ።

ይህን የምለካበት መሣሪያ በአዲስ አበባው ለቡ ሰፈር በየሳምንቱ ሥራ ላይ ይውላል። ለቡ ከየአገሩ የመጣ ሰው የሰፈረበት ነው፤ ከመንዝ፣ ከቡልጋ፣ ከጉራጌ፣ ከወሎ፤ መሬቱ ደግሞ ከጥንት የቱለማ ኦሮሞ ነው። የጋብቻ ሽማግሌ ሲላክ፣ ልማዱን የሚጠብቅ ቤተሰብ ከጥሎሽ በፊት ዘር ይቆጥራል። ሁለቱ ልጆች እስከ ሰባት ቤት የሚያገናኛቸው አያት ካለ ጋብቻው ይቀራል። ኦሮሞውም አባቶቹን በስም ወደ ላይ ሲቆጥር ያደገ ስለሆነ ሥራው ለማንም እንግዳ አይደለም። ቆጠራው ቀላል ሕግ አለው። የጋራውን አያት ፈልግ። ልጆቹን አንድ ቤት፣ የልጅ ልጆቹን ሁለት ቤት እያልህ በሁለቱም በኩል ውረድ። በመጨረሻ ሁለቱን ቁጥሮች አስተያይ።

ይህንኑ ቆጠራ በታላቁ ኢያሱና በነጋሲ ላይ እናድርገው። የጋራው አያት ያዕቆብ ነው። በኢያሱ በኩል ፋሲል አንድ፣ ሱስንዮስ ሁለት፣ ፋሲለደስ ሦስት፣ ዮሐንስ አራት፣ ኢያሱ አምስት። ያዕቆብ ለኢያሱ የምንጅላቱ አባት ነው። በነጋሲ በኩል ሠግወ ቃል አንድ፣ ወረደ ቃል ሁለት፣ ነጋሲ ሦስት። ሌሎች ጸሐፊዎች በመካከል አንድ ተጨማሪ ስም ያስገባሉ፤ ያን ጊዜ ነጋሲ አራተኛ ቤት ይሆናል። አንዳንዶች ከያዕቆብ ጋር የሚያገናኘው የነጋሲ አባት ነው ይላሉ፤ ሌሎች በእናቱ በኩል ይወስዱታል።

ከአጭሩና ከረጅሙ ሐረግ አንዱን ለመምረጥ ልኩ ይረዳል። ከልብነ ድንግል ሞት እስከ ኢያሱ ሞት 166 ዓመት ነው። በስድስት ትውልድ ሲካፈል ለአንዱ ወደ 28 ዓመት ይደርሳል። ከልብነ ድንግል ሞት እስከ ነጋሲ ሞት 163 ዓመት ነው። ሐረጉ አጭር ከሆነ ይህ ለአራት ትውልድ ይካፈላል፤ ለአንዱ 41 ዓመት ያህል። ረጅሙን ከወሰድን ለአምስት ይካፈላል፤ ለአንዱ ከ33 ዓመት በታች። ሁለቱም የሚቻሉ ናቸው። ረጅሙ ግን ይበልጥ ይገጥማል።

አንድ ስም እንዴት ከሐረግ ሊወድቅ እንደሚችል ለመረዳት የተጻፈበትን ቁስ ማየት ይገባል። የፍየል ቆዳ ይነከራል፣ በእንጨት ክፈፍ ላይ ይወጠራል፣ ሥጋውና ጠጉሩ ይፋቃል፣ በድንጋይ ይለሰልሳል። መሥመሩ በወስፌ ይጫራል፤ ጭረቱ ቀለም የለውም፣ ብርሃን በጎን ሲያርፍበት ብቻ ይታያል። ጥቁሩ ቀለም ከጥላሸት ይዘጋጃል። ቀዩ ለከበረ ስም ይቀመጣል። ብዕሩ መቃ ነው። ብራና ውድ ስለሆነ የትውልድ ሐረግ ብዙ ጊዜ የራሱ መጽሐፍ የለውም። በቤተ ክርስቲያን ወንጌል ባዶ ገጽ ላይ፣ ከርስትና ከጉልት መዝገብ አጠገብ ይጻፋል። ቦታው በጥበብ የተመረጠ ነው። ወንጌል አይሸጥም፣ አይጣልም፣ የሚያየውም ሰው ብዙ ነው።

በእንደዚህ ያለ ገጽ «ወለደ» የሚለው ቃል በየመሥመሩ ይመላለሳል። ገልባጩ አንድ ስም ጽፎ ዓይኑን ወደ ዋናው ሲመልስ ከአንዱ «ወለደ» ወደ ቀጣዩ «ወለደ» ሊዘል ይችላል። በመካከሉ ያለው ትውልድ ሳይታወቅ ይጠፋል። ተከታታይ ስሞች በአንድ ዓይነት ቃል የሚያልቁ ከሆነ አደጋው ይጨምራል። ሠግወ ቃል፣ ወረደ ቃል፤ የነጋሲ ቅድመ አያቶች ስም እንዲህ ተከታትሎ የሚያልቅ ነው። ስለዚህ በረጅሙና በአጭሩ ሐረግ መካከል ያለውን የአንድ ስም ልዩነት ሳይ መጀመሪያ የማስበው የገልባጭን የደከመ ዓይን ነው።

ሆን ተብሎ የሚጣል ስምም አለ። ለኢትዮጵያ ጸሐፊዎች ሁሉ አርአያ የነበረው የማቴዎስ ወንጌል የመጀመሪያ ምዕራፍ ነው። እዚያ ከአብርሃም እስከ ክርስቶስ ሦስት ጊዜ አሥራ አራት ትውልድ ይቆጠራል። ልኩ እኩል እንዲመጣ ከይሁዳ ነገሥታት ሦስቱ ተዘልለዋል፤ አካዝያስ፣ ኢዮአስና አሜስያስ። በመጽሐፈ ነገሥት ግን ይገኛሉ። ወንጌላዊው አራት ሴቶችን ደግሞ አስገብቷል፤ ትዕማርን፣ ረዓብን፣ ሩትንና የኦርዮን ሚስት። የትውልድ ሐረግ መጣልንም መጨመርንም የሚያውቅ ሥራ እንደሆነ ዲያቆኑ ከልጅነቱ ያነበዋል።

ከልብነ ድንግል ወደ ላይ እስከ ይኩኖ አምላክ ያለው መንገድ በዜና መዋዕልና በገድላት የታወቀ ነው። ይኩኖ አምላክ በ1262 ዓ.ም. ነገሠ። የሚቀጥለው ትልቁ መጋጠሚያ እሱ ላይ ነው። አባቱ ተስፋ ኢየሱስ ይባላል። ትውፊቱ እሱን ከድል ነዓድ ጋር ያገናኘዋል፤ የአክሱም የመጨረሻ ንጉሥ ከሚባለው። በመካከሉ ዛጔዎች ነግሠዋል። ሐረጉ በዚያ ዘመን ሁሉ ሳይነግሥ መቆየት አለበት። ለዚህ ስምንት ስሞች ተደርድረዋል፤ ማኅበረ ውድም፣ አግብዐ ጽዮን፣ ጽንፈ አርዐድ፣ ነጋሽ ዛሬ፣ አስፍሐ፣ ያዕቆብ፣ ባሕር ሰገድ፣ እድም አስገድ።

ይህን ክፍል መለካት የሚቻለው ከጎኑ ካለው የዛጔ ዝርዝር ጋር ነው። በ1914 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን ለእንግሊዛዊው ጸሐፊ ለቻርልስ ሬይ በሰጡት የነገሥታት ዝርዝር ለዛጔ አሥራ አንድ ነገሥታት አሉ። መራ ተክለ ሃይማኖት 13 ዓመት። ከዚያ ጠጠውድም 40፣ ጃን ሥዩም 40፣ ግርማ ሥዩም 40፣ ይምርሐነ ክርስቶስ 40፣ ቅዱስ ሐርቤ 40፣ ላሊበላ 40፣ ነአኩቶ ለአብ 40። ከዚያ ይትባረክ 17፣ ማይራሪ 15፣ ሐርባይ 8። ድምሩ 333 ነው።

ሰባት ጊዜ 40 ተከታትሎ ሲመጣ ሕይወት አይመስልም። የሸዋው 30፣ 33፣ 5፣ 34፣ 8 ከጎኑ ሲቀመጥ ልዩነቱ ይታያል። አንዱ ከኖረ ሰው የተለካ ነው። ሌላው በተዘጋጀ ቅርጽ የፈሰሰ ነው። 40 የጾም፣ የጥፋት ውኃና የዳዊት ዘመን ቁጥር ነው፤ ለቅዱሳን ነገሥታት የሚገባ ተብሎ የተሰጠ ልክ። 333 ደግሞ ሦስት ጊዜ ሦስትን በአንድ ረድፍ ያስቀምጣል።

ነገር ግን ሥራው የተጣለ አይደለም። ከድል ነዓድ እስከ ይኩኖ አምላክ፣ ተስፋ ኢየሱስ ሲጨመር፣ አሥር ጊዜ «ወለደ» ይባላል። 333 ለአሥር ሲካፈል ለአንዱ 33 ዓመት ይሆናል። ትክክለኛ የትውልድ ልክ ነው። የዛጔን ዘመን 133 ዓመት ብቻ የሚያደርግ ሌላ ቆጠራም አለ፤ የዘመናችን የታሪክ ሊቃውንት የሚቀበሉት ልክ ወደዚህ የቀረበ ነው። በዚያ ከተለካ ለአንዱ ትውልድ 13 ዓመት ይደርሳል። ያ አይቻልም። ስምንቱ ስሞችና 333ቱ ዓመት አንዱ ለአንዱ የተለኩ ይመስላሉ። ከሁለቱ አንዱን ብቻ ብትቀይር ሌላው ይናጋል። ሠሪው ሁለቱን በአንድ እጅ ይዟቸው ነበር ማለት ነው።

በላይኛው ጫፍ ክብረ ነገሥት አለ። 117 ምዕራፍ ነው። በመጨረሻው ላይ የአክሱም ንቡረ እድ ይስሐቅ ወደ ግዕዝ እንደመለሰው ይናገራል። ዘመኑ የይኩኖ አምላክ የልጅ ልጅ የዐምደ ጽዮን ዘመን ነው። በዛጔ ጊዜ ያልተተረጎመው ዛጔዎች እስራኤላውያን ስላልነበሩ ነው የሚል ምክንያትም ይሰጣል። መጽሐፉ ራሱ ከቀዳማዊ ምኒልክ እስከ ይኩኖ አምላክ ያሉትን ስሞች አይዘረዝርም። የላይኛውን ጫፍ ብቻ ያጸናል። ምኒልክ የሰሎሞን በኩር ነው፤ ሮብዓም ታናሽ ነው። የሮም ነገሥታትን እንኳ ከሰሎሞን ልጅ ያወርዳል። የበኩርነቱ ነጥብ ትንሽ ይመስላል፤ የሐረጉን ሸክም የሚሸከመው ግን እሱ ነው። በትውልድ በኩል ከይሁዳ ነገሥታት ፊት የሚያስቀምጥ ሌላ መብት የለም። የመካከሉን ስሞች ለሌሎች ጸሐፊዎች ትቶላቸዋል። በአንድ ሥራ ላይ ብዙ ትውልድ እጁን አሳርፏል።

ይህን ዓይነት ሥራ በሌላ አገር ያየ ሰው ይበልጥ ያደንቀዋል። ይኩኖ አምላክ የነገሠው እ.ኤ.አ. በ1270 ነው። በ1273 የጀርመን መሳፍንት የሃብስቡርግን ሩዶልፍ ንጉሥ አድርገው መረጡ። ሁለቱ ቤቶች በሦስት ዓመት ልዩነት ወደ ዙፋን ወጡ። የሃብስቡርግ የመጀመሪያ ሐረግ የተጻፈው በሙሪ ገዳም ነው። ገዳሙን በ1027 ራድቦት የሚባለው የቤቱ ጌታና ሚስቱ ኢዳ መሠረቱት። መነኮሳቱ በ12ኛው ክፍለ ዘመን የገዳማቸውን ባለውለታዎች ሲመዘግቡ ሐረጉን ከባለጸጋው ጉንትራም ጀመሩት። ከጉንትራም በላይ አልወጡም። ርስት ማን እንደሰጠ ለማወቅ ከዚያ በላይ አያስፈልግም ነበር። በመንዝ ወንጌሎች ባዶ ገጽ ላይ የሐረግና የርስት መዝገብ ጎን ለጎን የሚገኙትም በዚሁ ምክንያት ነው።

ከ300 ዓመት በላይ ቆይቶ ዐፄ ማክሲሚልያን ጉንትራም አልበቃ አለው። ያኮብ ሜንል የተባለውን ሊቅ ሐረጉን ወደ ኋላ እንዲፈልግ አሰማራው። ሜንል በፍራንኮች ነገሥታት በኩል አልፎ እስከ ትሮያው ሄክቶር አደረሰው። አልብሬክት ዱረር ደግሞ ለዚሁ ዐፄ የክብር በር በእንጨት ቅርጽ ሠራ። ከ190 በላይ ቅርጾች ለየብቻ ተቀርጸው፣ በወረቀት ታትመው፣ አንድ ላይ ሲለጠፉ ቁመቱ ከሦስት ሜትር በላይ ይሆናል። በመካከሉ ማማ ላይ የትውልዱ ዛፍ ከትሮያ ጀምሮ ይወጣል። የቅርጹ ጥራት ዛሬም ያስገርማል። የሐረጉ መጋጠሚያ ግን ደካማ ነው።  የሙሪ መነኮሳት ጥቂት ስሞች ከዱረር ማማ የበለጠ ክብደት ይሸከማሉ።

የሸዋ እጅ ለመጨረሻ ጊዜ የታየው በሕግ ላይ ነው። በ1923 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት ንግሥናው ከንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ትውልድ በሆኑት በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘር እንደሚጸና ይደነግጋል፤ የሣህለ ሥላሴን ዘር ደግሞ ሳይቋረጥ ወደ ቀዳማዊ ምኒልክ ያደርሰዋል። በ1948 የተሻሻለውም ይህንኑ ይዟል። ዳግማዊ ምኒልክ በስም አልተጠሩም። አገር ያቀኑት፣ ዐድዋን ያሸነፉት፣ ዋና ከተማውን የመሠረቱት እሳቸው ሳሉ አንቀጹ አያታቸውን ጠራ።

እንቁጠር። ከሣህለ ሥላሴ በምኒልክ በኩል ኃይለ መለኮት አንድ፣ ምኒልክ ሁለት፣ ንግሥት ዘውዲቱ ሦስት። ልጅ ኢያሱ በእናቱ በሸዋረጋ ምኒልክ በኩል አራት። በተፈሪ፣ በኋለኛው ኃይለ ሥላሴ፣ በኩል ወይዘሮ ተናኘወርቅ አንድ፣ ራስ መኰንን ሁለት፣ ተፈሪ ሦስት። ዘውዲቱና ተፈሪ በእኩል ቤት ይገናኛሉ። ዳግማዊ ምኒልክን መነሻ ማድረግ ንግሥናን ወደ ኢያሱ ይመልሰዋል። ሣህለ ሥላሴን መነሻ ማድረግ ሁለቱን ወገን በአንድ አያት ሥር ያስገባል። አንቀጹ የአባት ወገን፣ የእናት ወገን ብሎ አይለይም፤ የተናኘወርቅን መጋጠሚያ የያዘው ይህ ስፋት ነው። ቀድሞ ያዕቆብ ላይ የተሠራው ሥራ በዘመናዊ ሕግ ቋንቋ ሣህለ ሥላሴ ላይ ተደገመ። ክርክር ካለበት አንድ ደረጃ ወደ ላይ መውጣት፣ ሁለቱም ከሚቀበሉት አያት ላይ መግጠም።

ይህ ሁሉ ሐረጉ በየነጥቡ እውነት ነው ማለት አይደለም። ከነጋሲ ወደ ታች ያለው ጽኑ ነው። ከነጋሲ እስከ ያዕቆብ ያለው ሊሆን የሚችል ነው። ከይኩኖ አምላክ እስከ ድል ነዓድ ያለው በልክ የተቆረጠ ነው። ከዚያ ወደ ላይ እምነት ነው። ጥንቃቄ ያለው አንባቢ እነዚህን አራት ክፍሎች ሳይቀላቅል አንድ ላይ ሊያደንቃቸው ይችላል። በየክፍሉ የሚደነቀው የተለያየ ነውና፤ በአንዱ ትዝታ፣ በሌላው ምርጫ፣ በሌላው ሒሳብ፣ በሌላው ድፍረት።

ዛሬ በለቡም በሌላ ሰፈርም የቤተሰቡን ሐረግ በደብተር ወይም በስልክ የሚመዘግብ ብዙ ሰው አለ። ከዚህ የነገሥታት ሥራ የሚወሰድ ሙያ አለ። መቃብሩ ከሚታወቅ ሰው ጀምር። ዕድሜውን እንደኖረው ጻፍ፤ አምስት ዓመትም ከሆነ አምስት በል። የእናትን ስም አትተው፤ ሐረጉ የሚቀጥልበት ቦታ እሷ ልትሆን ትችላለች። ያልታወቀውን ትውልድ ባዶ መሥመር ተውለት እንጂ በሚያምር ስም አትሙላው። ከዘመድ ጋር ስትለያይ ወደ ላይ ውጣና ሁለታችሁም የምትቀበሉትን አያት ፈልግ። ከእሱ ወዲህ ያለውን በልኩ ከጻፍህ ደብተሩን የልጅ ልጆችህ ሲያስታርቁበትና ሲጋቡበት ይኖራሉ።